የጉና ቀይ አፈርና ባዶ እግር

ክረምት ሲገባ በደብረ ታቦር ዙሪያ በሬ ጠምዶ የሚወጣ አርሶ አደር ጫማውን ብዙ ጊዜ ቤት ይተወዋል፤ አለዚያም ማሳው ዳር ያወልቀዋል። ምክንያት አለው። ጭቃው ጫማውን ይዞ ያስቀራል፤ ደህናው ጫማም ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ይቆጠባል። ገብሱንና ድንቹን የሚያበቅለው ቀይ አፈር ግን በባዶ እግር ላይ ሌላ ሥራ ይሠራል።

ጉና የጥንት እሳተ ገሞራ ነው። ከእንዲህ ያለ ዐለት የሚፈጠር ቀይ የሸክላ አፈር ሲሊካና አሉሚኒየም ያለባቸው፣ በዓይን የማይታዩ የማዕድን ብናኞች ይዟል። ብናኞቹ በቆዳ በኩል ወደ እግር ይዘልቃሉ። ሰውነት ሲታገላቸው የሊምፍ ቱቦዎች ይቆጣሉ፣ ይጠባሉ፤ ፈሳሹም እግር ላይ ይጠራቀማል። በሽታው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ ሕዝቡ የሚያውቀው ዝሆኔ ብሎ ነው። የሚታየው ከ1 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከፍታና ብዙ ዝናብ ባለበት ደጋ ሲሆን፣ ደብረ ታቦር ሁለቱንም ታሟላለች። በመላ አገሪቱ ወደ 1 ነጥብ 5 ሚሊዮን ሰዎች እንደተያዙ ይገመታል። የዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር በሽታዎች ተርታ ያሰለፈው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው።

በትንኝ ከሚተላለፈው የቆላ ዝሆኔ ይለያል፤ ትል የለበትም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። አንድ ማሳ ላይ በባዶ እግር ከሚውሉ ሰዎች የሚታመሙት ጥቂቶች ናቸው፤ የተፈጥሮ ተጋላጭነት በዘር ይወረሳልና። ከአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው ሲታመም ጎረቤት «እርግማን ነው» የሚለው ከዚህ ተነሥቶ ነው። በዚህም ሳቢያ ጤነኛ ልጅ ሳይቀር ጋብቻ ይከለከላል።

ሕመሙ የሚጀምረው በጣቶች አካባቢ በማሳከክ፣ ማታ ማታ እግርን በማቃጠልና ሌሊት አርፎ ሲታደር በሚጎድል እብጠት ነው። የገበሬውን ቤት የሚጎዳው ግን በየጊዜው የሚነሣው ትኩሳትና ቁርጥማት ነው፤ በእርሻ ወቅት ሰውን ለቀናት አልጋ ላይ ያውላል። በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 በሚጠጉ ታማሚዎች ላይ የተደረገና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ቀላል የእግር እንክብካቤ ይህን ሕመም እንደሚቀንስ አሳይቷል። እንክብካቤውም እግርን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ በተመጠነ በረኪና መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግና ጫማ ማድረግ ነው። የበረኪናውን መጠንና የፋሻውን አጠማጠም የጤና ባለሙያ ማሳየት አለበት።

ቀዳዳ ያለው ኮንጎ ከባዶ እግር ይሻላል፤ ጭቃ ግን ያስገባል። ለማሳ የሚሆነው ከካልሲ ጋር የሚደረግ ዝግ ጫማ ነው፤ ለልጅም ከብት መጠበቅ ከጀመረበት ዕለት አንሥቶ።