የተማሪዎች አስተያየት የሳይንስ መምህርን ምን ያህል ይመዝናል? ከወልቂጤና ከቡታጅራ የሚነሣ ጥያቄ

በኢትዮጵያ መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች በየሴሚስተሩ ማብቂያ የመምህሮቻቸውን ማስተማር የሚመዝኑበት ቅጽ ይሞላሉ። በስፋት በሚሠራበት አከፋፈል ከመምህሩ የሥራ አፈጻጸም ነጥብ 50 ከመቶው ከተማሪዎች፣ 35 ከመቶው ከትምህርት ክፍል ኃላፊው፣ 15 ከመቶው ደግሞ ከሥራ ባልደረቦች ይመጣል። ድምሩ ለማዕረግ ዕድገትና ለከፍተኛ ትምህርት ዕድል በማስረጃነት ይቀርባል። ስለዚህ ቅጹ በእርግጥ የሚለካው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ፣ በተለይ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በሒሳብ ክፍሎች ለሚያስተምሩ ወጣት መምህራን፣ የእንጀራ ጥያቄ ነው።

የተማሪዎች ድርሻ በወረቀት ላይ ግማሽ ቢሆንም በተግባር ከግማሽ ሊበልጥ ይችላል። አንድ መለኪያ በደረጃ አወጣጥ ላይ የሚኖረው ኃይል የሚወሰነው በተሰጠው መቶኛ ብቻ ሳይሆን ነጥቦቹ ከመምህር ወደ መምህር በሚለያዩበት መጠንም ጭምር ነውና። ባልደረባ ለባልደረባው ነጥብ ሲሰጥ ይሉኝታ ይገባበታል፤ ኃላፊውም ነገ ወደ መምህርነቱ ተመልሶ አብሯቸው የሚሠራ ሰው ነው። ሁለት መምህራን ከኃላፊው 4.5፣ ከባልደረቦቻቸው 4.6 እኩል አገኙ እንበል፤ ከተማሪዎች ግን አንዱ 3.6፣ ሌላው 4.4 አገኘ። የመጀመሪያው ድምር 4.07፣ የሁለተኛው 4.47 ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሙሉ የመጣው ከተማሪዎች ቅጽ ነው።

በሌላው ዓለም በዚህ ጉዳይ ላይ የተደረገው ምርምር ረጅም ዕድሜ አለው፤ ውጤቱም አንድ ወጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 ኮኸን ያሳተመው የጥናቶች ጥናት ከተማሪዎች ከፍተኛ ነጥብ ያገኙ መምህራን ተማሪዎቻቸው በጋራ ፈተናም የተሻለ ውጤት እንደሚያመጡ ያሳየ በመሆኑ ለአሠራሩ መስፋፋት ትልቅ ድጋፍ ሆኖ ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2017 ኡትልና ባልደረቦቹ እነዚያኑ ጥናቶች ከኋለኞቹ ጋር ደምረው፣ የናሙናዎቹን ማነስ ግምት ውስጥ አስገብተው እንደገና ሲያሰሉ በነጥቡና በትምህርት ውጤቱ መካከል ያለው ዝምድና ከቁጥር የሚገባ ሆኖ አላገኙትም። በዚያው ዓመት ኡትልና ስሚበርት ከ14 ሺህ በላይ የክፍል ምዘናዎችን መርምረው፣ ስሌት የሚበዛባቸውን ኮርሶች የሚያስተምሩ መምህራን ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ነጥብ እንደሚሰጣቸው አሳይተዋል። በአንድ መስፈርት ከቋንቋ መምህር ጋር የሚወዳደር የሒሳብ መምህር ገና ክፍል ሳይገባ ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። የመምህሯ ጾታም በነጥቡ ላይ ተጽዕኖ እንዳለው ቦሪንግና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2016 ከፈረንሳይና ከአሜሪካ በተገኘ መረጃ አመልክተዋል።

ለሳይንስ ክፍሎች ይበልጥ ቅርብ የሆኑት ግን ሁለት ጥናቶች ናቸው። ካረልና ዌስት እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት የመጀመሪያው ጥናት በአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ የካልኩለስ ተማሪዎች ላይ የተሠራ ነው። በአካዳሚው ተማሪው መምህሩን አይመርጥም፤ ምደባው በዕጣ መልክ ነው፤ ፈተናውም ለሁሉም ክፍል አንድ ነው። በተማሪዎች የተወደዱት መምህራን ተማሪዎቻቸው በዚያው ኮርስ ጥሩ ውጤት አመጡ፤ በቀጣዩና በዚያ ላይ በሚመሠረተው ኮርስ ግን ከሌሎቹ አነሱ። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2019 በሃርቫርድ የመግቢያ ፊዚክስ ክፍሎች የተደረገው የዴሎሪየርስና የባልደረቦቹ ሙከራ ነው። ተማሪዎቹ ተራ በተራ ጥሩ ተናጋሪ የሆነ መምህር ገለጻ ሲሰጥ አዳመጡ፣ በሌላው ክፍል ደግሞ ችግሮችን በቡድን እየታገሉ ፈቱ። በፈተናው የበለጡት የታገሉት ሲሆኑ “ብዙ ተማርኩ” የሚል ስሜት የነበራቸው ግን ያዳመጡት ነበሩ። ጥረት የሚጠይቅ ትምህርት ለተማሪው ያልገባው ነገር እንዲታየው ያደርጋል፤ ያ ስሜት ደግሞ ቅጹ ላይ እንደ መምህሩ ድክመት ይመዘገባል።

ይህ ነገር በጉብሬ ሲታይ ክብደቱ ይጨምራል። በ2004 ዓ.ም. የተመሠረተው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ትውልድ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ ወደ ሥራ የገባው 70 ከመቶ ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ የሚያዝዘው የ2000 ዓ.ም. ፖሊሲ በተግባር ላይ በነበረበት ጊዜ ነው። ተማሪዎቹም በምደባ ከየክልሉ የሚመጡ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም የሬሜዲያል ተማሪዎችን ለመቀበል የተገደዱት በዚህ ምክንያት ነው። ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት ያለፈ ተማሪ የመጀመሪያ ዓመት ኬሚስትሪ ሲጀምር የሚሰማውን ግራ መጋባት መምህሩ አልፈጠረውም። ቅጹን የሚሞላው ግን በዚያው ግራ መጋባት ውስጥ ሆኖ ነው።

የቋንቋውም ነገር አለ። የማስተማሪያ ቋንቋው በሕግ እንግሊዝኛ ነው፤ ክፍል ውስጥ ግን መምህሩ ሐሳቡ እንዲገባ ወደ አማርኛ መሻገሩ የተለመደ ነው። ለአዲስ አበባው ወይም ለወልቂጤው ልጅ ይህ እፎይታ ነው፤ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማልኛ ተምሮ ለመጣው ግን መምህሩ በሩን የዘጋበት ያህል ሊሆን ይችላል። “መምህሩ በግልጽ ያስረዳል” ለሚለው ዓረፍተ ነገር አንዱ 5፣ ሌላው 2 ቢሰጡ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ከሁለቱ የሚወጣው አማካይ 3.5 ግን የማንንም ልምድ አይገልጽም። አማካይ ብቻ የሚልክ ሪፖርት ለመምህሩ እጅግ የሚጠቅመውን መረጃ፣ ማለትም ክፍሉ ለሁለት መከፈሉን፣ ደብቆ ያልፋል።

መጠይቅን ከመጠቀም በፊት መፈተን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ በሆነችው በቡታጅራና በዙሪያዋ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገጠር ጤና ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ቤት ለቤት መረጃ ሲሰበስብ ኖሯል። ከዚሁ የቡታጅራ የአእምሮ ጤና ምርምር ጋር በተያያዘ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ከውጭ የመጡ ሁለት መጠይቆችን በወለዱ እናቶች ላይ ፈትኖ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅቱ ባለ 20 ጥያቄ ቅጽ ሲሠራ፣ በሌላው ዓለም የታወቀው የኤድንበርግ መለኪያ በአማርኛ ተተርጉሞም አጥጋቢ ሆኖ አልተገኘም። ከእናት ስለ ጭንቀቷ የሚጠየቀው ጥያቄ ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተደረገለት፣ የመምህርን ዕድገት የሚወስነው ቅጽ ተመሳሳይ ፍተሻ የሚነፈግበት ምክንያት አይታይም።

ይህ ሁሉ ሲባል የተማሪን አስተያየት ማጣጣል ስሕተት ነው። መምህሩ በሰዓቱ መግባቱን፣ የቀረውን ክፍለ ጊዜ ማካካሱን፣ ፈተናው ካስተማረው መውጣቱን፣ የታረመ ወረቀት መመለሱን፣ ጥያቄ የጠየቀን ተማሪ አለማሸማቀቁን ከተማሪው በተሻለ የሚያውቅ የለም። ኃላፊው ቢሮው ነው፤ ባልደረባው የራሱ ክፍል አለው። ለሥልጣን ቅርበት የሌለው ተማሪ ቅሬታውን ስሙን ሳይጽፍ የሚያቀርብበት መንገድም ከዚህ ቅጽ ሌላ ብዙ የለውም። መምህሩ የትምህርት ዘርፉን አጠንቅቆ ማወቁንና የኮርሱ ይዘት ወቅታዊ መሆኑን ግን ገና ትምህርቱን እየጀመረ ያለ ተማሪ ሊፈርድ አይችልም። ይህ ሥርዓተ ትምህርቱንና የፈተና ወረቀቱን አይተው ሊመልሱት የሚችሉት ባልደረቦች ናቸው። ሁለቱን ዓይነት ጥያቄዎች በአንድ ገጽ ደርድሮ በአንድ አማካይ መጨፍለቁ የቅጹ ዋና ጉድለት ነው። ጊዜውም ሌላ ጉድለት ነው፤ በሴሚስተሩ መጨረሻ የተሰጠ አስተያየት ለቀጣዩ ባች ይጠቅም ይሆናል እንጂ ለሰጠው ተማሪ አይደርስም። በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ሳምንት ነጥብ የሌለው አጭር አስተያየት መሰብሰብ ወጪውም ትንሽ ነው።

መማሩን ለመለካት የሚያስችል መረጃም አሁን አለ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች የተጀመረው የመውጫ ፈተና ከመምህሩ እጅ ውጭ የሚዘጋጅና በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጥ ነው። በርግጥ ፈተናው የአራት ዓመት ድምር ስለሆነ የአንድ መምህርን ድርሻ በቀጥታ አያሳይም። ይሁን እንጂ በአንድ ኮርስ በተለያዩ ሴክሽኖች በተለያዩ መምህራን የተማሩ ተማሪዎች በቀጣዩ ኮርስ፣ ኋላም በመውጫ ፈተናው ያመጡትን ውጤት ከዚያን ጊዜው የምዘና ነጥብ ጋር ማስተያየት፣ ካረልና ዌስት የጠየቁትን ጥያቄ ጉብሬ ላይ መልሶ መጠየቅ ነው። ሴክሽኑ በፊደል ተራ የሚደለደል ከሆነ ደግሞ ምደባው ለዕጣ የቀረበ ስለሚሆን ንጽጽሩ ይጠነክራል። ለዚህ ሥራ አዲስ መጠይቅ መበተን አያስፈልግም፤ ግሬዱ በሬጅስትራር፣ የምዘናው ነጥብ በትምህርት ክፍሉ፣ የመውጫ ፈተናው ውጤት ከትምህርት ሚኒስቴር በተላከው ዝርዝር ውስጥ ይገኛል።