ከምግብ ቤት ጓሮ ወደ ገበሬው ግርግም

ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ ምሳውን የሚበላው ዳባት ወይም ደባርቅ ላይ ነው። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ለመውረድ የሚዘጋጀው አሽከርካሪ፣ የሰሜን ተራሮችን ለማየት የመጣው እንግዳና ገበያ የወጣው አርሶ አደር ጎራ የሚሉት በእነዚሁ ሁለት ከተሞች ሆቴሎች፣ ሻይ ቤቶችና ጠላ ቤቶች ነው። ትሪው ሲነሳ የተረፈው እንጀራ፣ ከማዕድ ቤት የወጣው የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡናው አተላ፣ ሶፍቱ፣ ስቴኪኒውና ቆርኪው ብዙ ጊዜ በአንድ ማዳበሪያ ይጠቀጠቃሉ። ከረጢቱ በአገራችን “ማዳበሪያ” ተብሎ መጠራቱ የሚያስገርም ነው፤ በውስጡ ያለው ነገር ቢለይ በእርግጥም ማዳበሪያ ይወጣው ነበር። ተቀላቅሎ ከታሰረ በኋላ ግን ለከብትም ለማሳም አይሆንም።

የመለየቱ ግዴታ አዲስ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ምግብ ቤቶችና የምግብ ኢንዱስትሪዎች የምግብ ተረፈ ምርታቸውን አካባቢን በማይጎዳ መንገድ እንዲሰበስቡ፣ እንዲያስቀምጡና እንዲያስወግዱ ደንግጎ ነበር። የቤተሰብ ኃላፊዎችም ዳግም ጥቅም ላይ የሚውለውን ቆሻሻ እንዲለዩ አዝዞ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ከልክሏል። በተቀላቀለ ቆሻሻ ምን ያህል አደጋ ሊከማች እንደሚችል አገሪቱ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ አይታለች። የቆሻሻው ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የደባርቅና የዳባት ክምር ከቆሼ ጋር የሚወዳደር አይደለም። እንዲህ ባሉ ትናንሽ ከተሞች ሥራውን ገና ከመጀመሪያው ማስተካከል የሚቀለውም ለዚህ ነው።

ደጋው መለየትን ጭራሽ አያውቅም ማለት ግን ስህተት ነው። የጠላና የአረቄ አተላ ከጥንት ጀምሮ በባልዲና በጀሪካን እየተቀዳ ለላምና ለበሬ ይሰጣል። በየቤቱ የሊጥና የዕቃ እጣቢ ለጥጃ ይቀመጣል። የተረፈ እንጀራ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል። አማርኛው ለደረቀ እንጀራም ለደረቀ ሣርም አንድ ስም መስጠቱ የሰውና የከብት ምግብ ምን ያህል ተቀራርበው እንደኖሩ ያሳያል። አዲስ የሆነው ንግዱ ነው፤ መቶ ሰው የሚያበላ ቤት ጓሮው ውስጥ ላም የለውም።

አተላው ራሱ ተራ መኖ አይደለም። የገብሱ ስታርች ወደ አልኮል ሲለወጥ የሚቀረው ክፍል በፕሮቲን የበለፀገ ነው፤ ውኃው ተለይቶ ቢመዘን ከደረቁ ይዘት አንድ አምስተኛ ያህሉ ፕሮቲን ነው። የገብስና የስንዴ ገለባ ግን ፕሮቲኑ እጅግ አነስተኛ ነው። በመሆኑም በበጋው ወራት ገለባ ብቻ ለምትበላ ላም ጥቂት ሊትር አተላ መጨመር በወተቷ ላይ ለውጥ ያመጣል። የጎንደሩን ዳሸን ጨምሮ ከቢራ ፋብሪካዎች የሚወጣው የብቅል ተረፈ ምርትም የዚሁ ዘመድ ነው። ችግሩ ውኃው ነው። ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣው እርጥብ ተረፈ ምርት ከአራት እጁ ሦስቱ ውኃ ነው፤ የጠላ አተላም ከዚህ ቢብስ እንጂ አይሻልም። ስለዚህ አተላ ሩቅ አይሄድም፤ የመጓጓዣው ዋጋ ጥቅሙን ይበላዋል። ከሊማሊሞ ግርጌ ወደ አዲ አርቃይ ለሚኖር አርሶ አደር የደባርቅ አተላ ምንም ማለት አይደለም። በከተማዋ ዳርና በቅርብ ቀበሌዎች ላም ለሚያልብ ሰው ግን በአህያ ወይም በጋሪ የሚደርስ መኖ ነው።

የሆቴል ትርፍራፊ ከአተላ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዚህ ረገድ የጾም ሥርዓት ለአካባቢው ሳይታሰብ ጥሩ የመለያ ቀን መቁጠሪያ ሰጥቶታል። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀናትና በሌሎቹ አጽዋማት ከአብዛኛው ምግብ ቤት የሚወጣው እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስርና አትክልት ነው፤ ሥጋና አጥንት የለበትም። በፍስክ ቀን ግን ሥጋ፣ መረቅና አጥንት ይቀላቀላል። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዝ የተነሳው የአፍተ ግር (የአፍና የእግር በሽታ) ወረርሽኝ መነሻው ሳይፈላ ለአሳማ የተሰጠ የምግብ ቤት ትርፍራፊ እንደነበር ተረጋግጧል። በሽታውን ለመግታት ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ታርደዋል፤ የአውሮፓ አገሮችም ከዚያ በኋላ ትርፍራፊን ለእርባታ እንስሳት መስጠት ከልክለዋል። እኛ ዘንድ አሳማ ባይረባም በሽታው በከብቶቻችን ውስጥ የሚዘዋወር ነው። ሥጋ የነካውን ትርፍራፊ ለአንድ ሰዓት ማፍላት አንድ መንገድ ነው። በደባርቅ የማገዶ ዋጋ ይህ የሚያዋጣ አይመስልም፤ ሥጋና አጥንት የነካው ሁሉ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ቢሄድ ይሻላል።

ፌስታልና ቆርኪ ከሥጋው በላይ የቅርብ አደጋ ናቸው። ላም ምግቧን መርጣ አትበላም፤ የምትጎርሰውን ሳታላምጥ ትውጣለች። የወጥ ሽታ ያለበት ፌስታል ከእንጀራው ጋር ይገባና በጨጓራዋ ተጠቅልሎ ይቀራል፤ አይፈጭም፣ አይወጣም። ሚስማርና ሽቦ ደግሞ የጨጓራውን ግድግዳ ወግቶ ወደ ልብ ሊደርስ ይችላል። በጎንደር ቄራ በታረዱ ከብቶች ላይ የእንስሳት ሐኪሞች ካደረጓቸው ጥናቶች ከከብቶቹ ሆድ ፕላስቲክ፣ ገመድ፣ ጨርቅና ብረት ማውጣታቸው ተመዝግቧል። ላሚቱ እየበላች ትከሳለች፤ ባለቤቷም ሕመሙን የሚያውቀው ቢላዋ ሲገባ ነው። ትርፍራፊ የሚወስድ አርሶ አደር ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት ሶፍትና ቆርኪ በየትኛው ዕቃ እንደሚጣል ነው።

ሁለተኛው አደጋ እንጀራው ራሱ ነው። ገለባ የለመደች ላም በአንድ ጊዜ ብዙ እንጀራ፣ ዳቦ ወይም ሊጥ ከበላች በጨጓራዋ ውስጥ አሲድ በፍጥነት ይፈጠራል። ማመንዠኳን ታቆማለች፣ ሆዷ ይነፋል፣ የሚጎመዝዝ ሽታ ያለው ቀጭን ፋንድያ ትጥላለች፣ ከዚያም ትተኛለች። ካልታከመች በአንድ ሁለት ቀን ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ መጀመሪያ ድርቆሽ ወይም ገለባ ማብላት፣ ትርፍራፊውን በጥቂቱ ጀምሮ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያሉ መጨመር ያስፈልጋል። የሻገተ እንጀራ ደግሞ ለላምም ለዶሮም አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ጥናት በአዲስ አበባና አካባቢዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉም አፍላቶክሲን እንደነበረባቸው አሳይቷል። በዚያ ጥናት በዋናነት የተጠረጠረው የኑግ ፋጉሎ ነበር። ሆኖም ነገሩ ሻጋታ የበላች ላም መርዙን ወደ ወተቷ እንደምታሻግር ለማሳየት በቂ ነው።

ለእንስሳ የማይሆነው ሁሉ ለማሳ ይሆናል ብሎ መደምደምም አያዋጣም፤ በተለይ በደባርቅና በዳባት። አካባቢው ነጭ ሽንኩርትና ድንች አምራች ነው። የነጭ ሽንኩርት ነጭ አበስብስ በሽታ ፈንገስ ዘሩን በአፈር ውስጥ እስከ 20 ዓመት ድረስ ሳይሞት ሊያቆይ ይችላል። በሽታው የገባበት ማሳ በአንድ ትውልድ ሽንኩርት አያበቅልም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምግብ ቤቱ ሽንኩርቱን ከየትኛው ማሳ እንደገዛ አይታወቅም፤ ልጣጩና ሥሩ በደንብ ሳይበሰብስ ወደ ማሳ ከተመለሰ በሽታውን ይዞ ይመለሳል። የድንች አጠውልግ በሽታም እንዲሁ በልጣጭ ይጓዛል። ብስባሹ መሞቅ አለበት የሚባለው ለዚህ ነው። የክምሩ መሐል ከ55 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ደርሶ ለተከታታይ ቀናት ካልቆየና ውጪው ወደ ውስጥ እየተገለበጠ ካልተዳረሰ ፈንገሱ አይሞትም። ይህን ማረጋገጥ የማይችል አርሶ አደር ብስባሹን ለገብስ ወይም ለስንዴ ማሳ ቢያውለው እንጂ ሽንኩርትና ድንች ወደሚተክልበት ባይወስደው ነው የሚመረጠው።

የደጋው ብርድ ክምሩን ያዘገየዋል። ሙቀቱ እንዲያዝ ክምሩ ቢያንስ አንድ ሜትር ከፍታና ስፋት ያስፈልገዋል፤ ትንሽ ጉብታ በደባርቅ ሌሊት ወዲያው ይቀዘቅዛል። ትርፍራፊው እርጥብና በናይትሮጅን የበለፀገ በመሆኑ ለአንድ እጅ ትርፍራፊ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ገለባ፣ ደረቅ ቅጠል ወይም አገዳ መቀላቀል ይገባል። ካልሆነ ይሸታል፣ ዝንብ ይሰበስባል። በክልሉ እየተስፋፋ ያለው የቨርሚ ኮምፖስት ትልም ለማዕድ ቤት ልጣጭ ጥሩ ነው። ጨው፣ ዘይትና በርበሬ የበዛበትን የወጥ ትርፍራፊ ግን አይወድም። ብርዱንም አይወድም፤ ከ10 ዲግሪ በታች ሥራውን ያቆማል።

ምን ያህል ይገኛል? ለምሳሌ ያህል አንድ ምግብ ቤት በቀን 20 ኪሎ ግራም ቢለይ በወር 6 ኩንታል ነው፤ አሥር ምግብ ቤቶች ተባብረው በወር 60 ኩንታል ያወጣሉ። ከገለባ ጋር ተቀላቅሎ ሲበሰብስ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ይጠፋል። ከመቶ አንድ ነጥብ ሁለት እጅ ናይትሮጅን ያለው አራት ቶን ብስባሽ፣ በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ ያለውን 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ያህል ይይዛል። በመጀመሪያው ዓመት ሰብሉ የሚያገኘው ግን ጥቂቱን ነው። ስለዚህ የሆቴል ትርፍራፊ ዩሪያን ይተካል ብሎ ለአርሶ አደሩ መንገር ተገቢ አይደለም። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ፋንድያ ኩበት ሆኖ በሚነድበት ደጋ አፈሩ ያጣውን ሕይወት ይመልስለታል፣ ውኃ እንዲይዝ ይረዳዋል፣ የአሲዳማነትን ጉዳትም ያቀልለታል።

በሰሜን ተራሮች ግርጌ ነገሩ ከማሳና ከበረት ያልፋል። ክፍት የተጣለ ትርፍራፊ ውሻ ይሰበስባል፤ ባለቤት የሌለው ውሻ ሲበዛ የእብድ ውሻ በሽታ ይከተላል። በሽታው መጀመሪያ የሚያጠቃው የከተማውን ልጅና የአርሶ አደሩን ከብት ነው። ከዚያ አልፎ በፓርኩ ውስጥ ለሚኖረው ቀይ ቀበሮም ይተርፋል። በመላው ኢትዮጵያ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፤ በሰሜን ተራሮች ያሉት ደግሞ በአሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው። በባሌ ተራሮች በ1996 ዓ.ም. ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በርካታ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ስፍራዎች አንዱ ነው፤ ከ1996 እስከ 2017 (እ.ኤ.አ.) በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቶ ነው የወጣው። በሳንቃ በርና በጨነቅ ድንኳን የሚተክሉ የጉዞ ማብሰያ ቤቶች ትርፍራፊ ለቁራና ለአይጥ ከሚተው ተመልሶ ደባርቅ ቢወርድ ይህ ሁሉ ይቀንሳል።

ቱሪስቱ ግን ለዚህ ሥራ አስተማማኝ መሠረት አይደለም። ባለፉት ዓመታት በጦርነትና በፀጥታ ችግር ምክንያት የእንግዳው ቁጥር ሲዋዥቅ ታይቷል። ሳይቋረጥ ትርፍራፊ የሚያወጡት በመናኸሪያ ዙሪያ ያሉ ምግብ ቤቶች፣ ጠላ ቤቶች፣ ዳቦ ቤቶችና እንደ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተማሪ የሚመግቡ ተቋማት ናቸው። ከተማ አስተዳደር ለመጀመር ቢያስብ ከእነዚህ ቢጀምር ይቀለዋል። ክዳን ያላቸው ሦስት ባልዲዎች ይበቃሉ፤ አንዱ ለማዕድ ቤት ልጣጭና ላልተነካ እንጀራ፣ አንዱ ከትሪ ለተነሳው፣ ሦስተኛው ለደረቁ። የመጀመሪያው ለከብት፣ ሁለተኛው ለብስባሽ ይሄዳል። የሚለየው ሰው ደግሞ ሆቴሉ ባለቤት ሳይሆን ትሪ የምታነሳው ሠራተኛ መሆኗ መዘንጋት የለበትም። እሷ ካልተነገራትና ለጥረቷ ጥቂት ካልታሰበላት ባልዲው ሦስት ቢሆንም ይዘቱ አንድ ዓይነት ይሆናል።

ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2005 የምግብ ትርፍራፊን ያለ ማጣራት መቅበር ከለከለች፤ በ2013 ደግሞ እንደ ክብደቱ ማስከፈል ጀመረች። ዛሬ አብዛኛው ትርፍራፊዋ መኖ፣ ብስባሽ ወይም ጋዝ ይሆናል። ለወረዳና ለከተማ አስተዳደሮቻችን ከዚያ የሚወሰደው ክፍያው ነው፤ ለይቶ የሚያስረክብ ቤት ከማይለየው ያነሰ የጽዳት አገልግሎት ክፍያ ቢከፍል ማስገደድ ሳያስፈልግ ይለያል።

አንድ ነገር ግን በጥንቃቄ መታየት አለበት። አተላ ለብዙ ጠላ ጠማቂ ሴቶች ከጠላው ቀጥሎ ያለ ገቢ ነው፤ ደንበኛቸውም የታወቀ ነው። ትርፍራፊ መሰብሰብ ለተደራጁ ማኅበራት ሲሰጥ አተላውም አብሮ በውል ቢጠቃለል ያለ ምንም መመሪያ ለዘመናት የሠራውን ገበያ ያፈርሰዋል። ማኅበራቱ የሚያስፈልጉት እስካሁን ገዢ ላላገኘው ትርፍራፊ ነው።

ጊዜውም የሚታሰብበት ነው። በደጋው ብርድ ክምሩ ለመብሰል ከሦስት እስከ አራት ወራት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። የገብስ ዘር በሰኔ ለሚዘራበት ማሳ ብስባሹ እንዲደርስ ክምሩ ከጥምቀት ማግስት መጀመር ይኖርበታል፤ ገለባው ከአውድማ ገብቶ ገና ያልተመናመነውም በዚያው ወቅት ነው።