ውርጭ የመታው ገብስና ገዥው

በመንዝ ደጋ ገብስ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል። የበልጉ በየካቲትና በመጋቢት ዝናብ በቅሎ ክረምት ሲገባ ይታጨዳል፤ የመኸሩ ሰኔ ላይ ተዘርቶ ለኅዳርና ለታኅሣሥ ይደርሳል። ሁለቱም የየራሳቸው ጠላት አላቸው። የበልጉን የዝናቡ መዘግየት ወይም ጨርሶ መቅረት ይጎዳዋል፤ ቢቀናውም አጨዳው ከሐምሌ ዝናብ ጋር ይገናኛል። የመኸሩን ደግሞ ነሐሴ ላይ በረዶ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጭ ይጠብቀዋል።

ይህ የቆየ ችግር ነው። የተለወጠው ገዥው ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የቢራና የብቅል ፋብሪካዎች ከተከፈቱ ወዲህ የሰሜን ሸዋ ደጋ ገበሬ ገብሱን መርምሮ የሚቀበል ወይም የሚመልስ ደንበኛ አግኝቷል።

ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ባለበት ሌሊት ነው። መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት የሚያግድ ደመና ስለሌለ ሙቀቱ ሽቅብ ያመልጣል፤ የቀዘቀዘው አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። የአንድ ቤተሰብ ተዳፋት ማሳ ተርፎ ወንዝ ዳር ያለው ነጭ ለብሶ የሚያድረው ለዚህ ነው። ውርጩ አበባ ላይ ከደረሰ ዛላው ፍሬ አይቋጥርም፤ ፍሬው ገና ወተት ሳለ ከመታው ይኮሰምናል። ከሩቅ ሲያዩት የደረሰ ይመስላል፤ በመዳፍ ሲያሹት ግን ከገለባ በቀር እፍኝ የሚሞላ ነገር የለውም።

ለቤት የሚሆን ገብስ ይህን ጉዳት በከፊል ይችለዋል። ደህናው ለቆሎና ለበሶ ይለያል፣ ደቃቁ ይፈጫል፣ ግርዱ ለከብት ይሰጣል። ብቅል ግን የሚሠራው ገብሱ እንዲበቅል ተደርጎ ስለሆነ፣ ፋብሪካው የሚፈልገው ሕይወት ያለው ፍሬ ነው። ከመቶው ቢያንስ 95 ያህሉ መብቀል አለበት። ፍሬው ሙሉና እኩል፣ ፕሮቲኑም ከ9 እስከ 12 በመቶ አካባቢ መሆን ይጠበቅበታል። በውርጭ ወይም በድርቅ የኮሰመነ ፍሬ ስታርቹ ያንስና የፕሮቲኑ ድርሻ ከፍ ይላል። ነዶው ላይ ዝናብ የደገመበት ደግሞ ዛላው ላይ እንዳለ ማጎንቆል ይጀምራል፤ አንዴ ያጎነቆለ ፍሬ ለብቅል አይሆንም።

ስለዚህ ጭነት ከመጫኑ በፊት ቤት ውስጥ መፈተን ይበጃል። ከጆንያው ላይ፣ መሐልና ታች የተወሰደ 100 ፍሬ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ጨርቁ ሳይደርቅ ጥቂት ቀን ይቆይና ያቆጠቆጠው ይቆጠራል። ሰማንያ ብቻ ከበቀለ፣ የመኪና ኪራይ ከፍሎ ፋብሪካ በር ላይ ከመመለስ ለእህል ገበያ መሸጥ ይሻላል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ገበሬው ከፋብሪካው ጋር የሚገባው ውል ነው። ብዙ ሰው «ውርጭ የእግዜር ሥራ ነው፣ ማን ይጠይቀኛል?» ይላል። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1792 ግን ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚለው ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውንና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፍጹም የሚያግደውን ነገር ነው። ቀጣዩ ቁጥር በምሳሌነት የመሬት መንቀጥቀጥን፣ መብረቅንና ጎርፍን ይጠቅሳል። መንዝ ላይ ኅዳር ውርጭ አያወርድም ብሎ ማን ይከራከራል? በየዓመቱ የሚጠበቅ ነገር ነውና ገዥው ይህንኑ ሊያነሳ ይችላል። ስለዚህ ውርጭ፣ በረዶና የበልግ መቅረት በስማቸው ውሉ ውስጥ ይጻፉ። ጉዳቱ በስንት ቀን እንደሚነገር፣ ማሳውን ማን መጥቶ እንደሚያይ፣ በብድር የተወሰደው ዘርና ማዳበሪያ እንዴት እንደሚከፈል አብሮ ይስፈር። የግብርና ምርት ውልን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1289/2015 ስለወጣ፣ የገበሬው ኅብረት ሥራ ማኅበር ይህን አንስቶ ቢደራደር ያምርበታል።

ውል ያለው ከፋብሪካ ጋር ብቻ ነው፤ ከሰፈር ደንበኛ ጋር ያለው መተማመን ነው። ለበሶ በየዓመቱ ከአንድ ቤት የምትገዛ ሴት ዘንድሮ ገብሱ ደቃቅ እንደሆነ ከአጨዳው በፊት ከሰማች ዋጋውን ተነጋግራ ትወስዳለች ወይም ሌላ ትፈልጋለች። ከላይ ደህናውን አሳይቶ ከሥር ደቃቁን የሰፈረላት እንደሆነ ግን ምርቃት ቢጨምርላትም በሚቀጥለው ዓመት አትመለስም። ለፋብሪካውም እንደዚያው ነው፦ ውርጩ በወረደ በሳምንቱ የደረሰው ወሬ ሌላ ቦታ ገብስ እንዲፈልግ ጊዜ ይሰጠዋል፤ በርክክብ ቀን የሚሰማው ግን ጠብ ነው።