መንገዱ ይስፋ ወይስ ቤቱ ይቅረብ?

ማታ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ በጠመንጃ ያዥ የባቡር ጣቢያ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው፥ ስለ ከተማ አሠራር የሚደረገውን ክርክር ከመጽሐፍ መፈለግ አያስፈልገውም። እኛም ባለፈው ሰሞን በዚያው ቆመን ሳለ፥ መኪናው ጋራዥ ስለ ገባበት በባቡር ለመሳፈር የተገደደ አንድ ጎልማሳ፥ «የዚህ ከተማ ችግር መንገድ ነው፤ እንደ አዳማው ያለ የፍጥነት መንገድ ከዳር እስከ ዳር ቢቀደድለት ሁሉም በጊዜ ቤቱ ይገባ ነበር» ሲል ተናገረ። አጠገቡ ነጠላቸውን ተከናንበው የቆሙ እናት ቀና ብለው አዩትና፥ «ልጄ፥ እኔ እዚሁ ሰፈር ስኖር ሥራዬ በእግሬ ነበር የምመላለሰው። ዕጣ ደርሶኝ ጀሞ ከገባሁ ወዲህ ነው ወረፋ የለመድሁት። ቤቱስ፥ ተመስገን፥ ጥሩ ነው፤ መንገዱ ግን ዕድሜዬን በላው» አሉት። ጎልማሳውም «እውነትዎን ነው፥ እማማ» ብሎ ዝም አለ።

የእኒህ እናት ነገር ከልባችን አልወጣም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር አሰፋፈሯ የጦር ሰፈር አሰፋፈር ነበር። መኳንንቱ በየኮረብታው ሲሰፍሩ፥ አሽከሩም ወታደሩም ባለሙያውም በጌታው ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ። ሠራተኛ ሰፈር፥ ጠመንጃ ያዥ የሚባሉት ስሞች እስከ ዛሬ የሚመሰክሩት ይኸንኑ ነው፤ ሰው በሥራው አጠገብ ይኖር ነበር። ሀብታሙና ድኻውም አጥር ለአጥር ተጠጋግተው ይኖሩ ስለ ነበር፥ እንጀራ ፈላጊው ባለ እንጀራውን ፍለጋ ሩቅ አይሄድም ነበር።

አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፥ የቀበሌ ቤት ኪራይ እጅግ ርካሽ ሆነ። ርካሹ ኪራይ ግን ጣራ ማደሻ እንኳ የማይበቃ ስለ ነበር፥ ቤቶቹ በነዋሪው ራስ ላይ አረጁ። ስለዚህ በ1996 ዓ.ም. የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ ሲጀመር ሕዝቡ በደስታ መመዝገቡ የሚያስደንቅ አይደለም። ቅር የሚያሰኘው ቦታው ነው። መሬት በርካሽ የሚገኘው ዳር ላይ ነውና፥ ጀሞ፥ ኋላም ኮዬ ፈጬ፥ በሺህ የሚቆጠር ቤተ ሰብ ተቀበሉ፤ መሥሪያ ቤቱና ገበያው ግን ከመካከል አልተነሣም።

የፍጥነት መንገድ ወዳጆች ለዚህ መልስ አላቸው፤ ርቀቱን መኪና ይጨርሰዋል ይላሉ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የለንደንን ከተማ ፕላን ያወጣው እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1948 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ በነደፈው ፕላን የቀለበት መንገድ አስገብቶ ነበር። ዛሬ ቀለበት መንገድ የምንለው ጎዳና ተሠርቶ ሲከፈት ለባለ መኪና በእርግጥ ትልቅ እፎይታ ሆነ። ለእግረኛው ግን ሰፈርን ከሰፈር የሚለይ አጥር ነው፤ እስከ ድልድዩ ዞሮ ከመሻገር ይልቅ ነፍሱን ሸጦ የመሐሉን ግንብ የሚዘልለውን ስንቱን አይተናል! በዚህ ከተማ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር መሆኑን ስናስብ፥ መንገዱ ለማን እንደ ተሠራ መጠየቅ ነውር አይሆንም። የሴኡል ከተማም በመካከሏ በድልድይ ያሳለፈችውን ፈጣን መንገድ እ.ኤ.አ. በ2003 ማፍረስ ጀምራ፥ በ2005 ከሥሩ ተቀብሮ የነበረውን ወንዝ ለእግረኛ ከፍታለች።

ባቡሩስ? በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሁለት መስመር፥ 34 ኪሎ ሜትር ሐዲድና 41 ባቡር ይዞ ነበር የመጣው። ልደታን ከሜክሲኮ፥ ሜክሲኮን ከስታዲየም፥ ከዚያም ከጠመንጃ ያዥና ከቃሊቲ አገናኘ። ሆኖም መለዋወጫ እየታጣ ብዙዎቹ ባቡሮች ከቆሙ ወዲህ፥ ጥበቃውም መጨናነቁም በተሳፋሪው ላይ ወደቀ። በ1935 ዓ.ም. የተጀመረው የአንበሳ አውቶቡስ ጉዳይም ከዚህ ብዙ አይለይም፤ አዲስ መኪና ሲገዛ ሁሉም ያጨበጭባል፥ ለጥገናው ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ሐዲዱ ጀሞም ኮዬ ፈጬም አለመድረሱ ነው። ቤቱን አንድ እጅ ሲያቅድ፥ ባቡሩን ሌላ እጅ አቀደው።

የእኛ አስተያየት፥ ብዙ ሰው መኖር ያለበት በሐዲዱ ዳርና ዳር ነው የሚል ነው። በልደታ የፈራረሰውን ሰፈር አንሥቶ በዚያው መሬት ላይ ፎቅ መሥራት እንደሚቻል ታይቷል። እዚያ ያልተሳካው ሌላ ነገር ነው፤ ከነባሩ ሰው ብዙው ወደ ዳር ወጥቶ፥ በሐዲዱ አጠገብ የመኖር ጥቅም ለሌላው ደረሰ። በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት በኋላም ይኸው ጥያቄ እንደ ገና ተነሥቷል። ፎቅ ላይ መኖር ቀላል ነው ማለታችን አይደለም፤ በርበሬ የሚሰጣበት ደጅ፥ ለቅሶ የሚቀመጡበት ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ ያስፈልጋል፤ አሳንሰር በሌለው ቤት አራተኛ ፎቅ ድረስ ውኃ ተሸክሞ መውጣትም ለአሮጊት ቅጣት ነው። ነገር ግን ደጅና ሜዳ በፕላን ሊገባ ይችላል፤ በየቀኑ በወረፋ የሚያልቀው ሰዓት ግን ከየት ተገኝቶ ይተካል?

ባቡሩ መጣ፤ ሞልቶ ነበር። ጎልማሳው እናትን በክንዳቸው ደግፎ አሳፈራቸውና ራሱ በሩ ላይ ተለጠፈ። ሜክሲኮ ስንወርድ የጀሞ ታክሲ ሰልፍ አደባባዩን ዞሮ ነበር። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው፥ መጨረሻው የት እንደ ሆነ ጠይቀው ሄዱ።