ከ6,000 በላይ ስልቶች የሰፈሩበት የሙዚቃ ካርታና አምባሰልን የማያውቀው ማሽን

ድረ ገጹ ሲከፈት ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር የሚሞሉት ቃላት ብቻ ናቸው። እያንዳንዱ ቃል የአንድ የሙዚቃ ስልት መጠሪያ ነው፤ ሲነኩትም አጭር ናሙና ያሰማል። ከገጹ በላይኛው ክፍል የማሽንና የኤሌክትሪክ ድምፅ ይበዛል። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር የእንጨት፣ የጅማትና የሰው ጉሮሮ ድምፅ ይጎላል። በስተግራ ጥቅጥቅ ብሎ የሚንሳፈፍ፣ በስተቀኝ ደግሞ የሚዘል፣ የሚያስረግጥ ሙዚቃ ተሰድሯል። “ኤቭሪ ኖይዝ አት ዋንስ” የተሰኘው ይህ ካርታ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 የመዘገባቸው ስልቶች 6,291 ደርሰው ነበር። ኢትዮ ጃዝም ከእነዚህ አንዱ ነው።

የካርታው ባለቤት ግሌን ማክዶናልድ ሥራውን የጀመሩት “ዘ ኤኮ ኔስት” በተባለው ኩባንያ ነው። ኩባንያውን በ2005 የመሠረቱት ከኤምአይቲ የሚዲያ ላብራቶሪ የወጡ ሁለት ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ ስፖቲፋይ በ2014 ጠቅልሎ ገዝቶታል። በዲሴምበር 2023 ስፖቲፋይ 17 በመቶ የሚሆኑ ሠራተኞቹን ሲያሰናብት ማክዶናልድም ከተሰናባቾቹ አንዱ ሆኑ። የኩባንያው የውስጥ መረጃ ሲቋረጥ ካርታውም በነበረበት ቆመ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዘፈኖችን አቅጣጫ ያስያዘ ሥራ በአንድ ሰው የሥራ ውል ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ለመሆኑ ማሽኑ የዘፈንን ጉርብትና በምን ያውቃል? መንገዱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ሙዚቃውን ጨርሶ አይሰማም፤ የሚመለከተው አድማጩን ነው። ሁለት ድምፃውያንን አንድ ዓይነት ሰዎች የሚወዷቸው ከሆነ፣ ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው ብሎ ይደመድማል። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1994 ኤምአይቲ ውስጥ የተሠራው “ሪንጎ” የአድማጮችን ምርጫ በኢሜይል ተቀብሎ፣ ምክሩንም በኢሜይል ይመልስ ነበር። ጀርመናዊው ማሬክ ጊብኒ ያበጁት “ሚዩዚክ ማፕ” ይህንኑ ስሌት በዓይን እንዲታይ አድርጎታል። የአንድ ሙዚቀኛ ስም ሲጻፍለት ሌሎች ስሞች በዙሪያው ይንሳፈፋሉ፤ አንድ አድማጭ ሁለቱንም የመውደዱ ዕድል በጨመረ መጠን ስሞቹ ይቀራረባሉ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። የሙላቱ አስታጥቄን ስም የሚያስገቡት ሰዎች አብዛኞቹ የአውሮፓ የጃዝ ሸክላ ሰብሳቢዎች ከሆኑ፣ በዙሪያው የሚሰፍረው መንደር የእነርሱ መንደር ይሆናል፤ በአዲስ አበባ ያደገ ሰው የሚያውቃቸው የሙላቱ ጎረቤቶች ከገጹ ሊጠፉ ይችላሉ።

ሁለተኛው መንገድ ድምፁን ራሱን መመርመር ነው። ፓንዶራ ይህን ሥራ ለሙዚቃ ባለሙያዎች ሰጥቶ፣ አንድን ዘፈን እስከ 450 በሚደርሱ መለያዎች ያስመዝን ነበር። ኤኮ ኔስት ለኮምፒውተር ሰጠው። ኮምፒውተሩ የዘፈኑን ፍጥነት፣ ጉልበት፣ ለጭፈራ መመቸቱን ይለካል። ከ12ቱ ድምፆች መነሻው የትኛው እንደሆነም ይገምታል። በመጨረሻም ዘፈኑ ሜጀር ከሆነ 1፣ ማይነር ከሆነ 0 ብሎ ይመዘግባል።

ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ችግሩ ከዚህች ቁጥር ይጀምራል። ሜጀርን ከማይነር በዋናነት የሚለየው ከመነሻው ሦስተኛ የሆነው ድምፅ ነው። ትዝታና ባቲ ይህ ድምፅ ስላላቸው፣ ምሉዕ ባይሆንም አንድ መልስ ማግኘት ይቻላል። አምባሰልና አንቺሆዬ ግን ከመነሻቸው ግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ብለው በቀጥታ ወደ አራተኛው ይዘላሉ፤ ሦስተኛው በቅኝቱ ውስጥ የለም። ማሽኑ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ በቁጥር ሊገልጽ ይችል ይሆናል፤ “ሁለቱም አይደለም” ብሎ የሚጽፍበት ሣጥን ግን አልተዘጋጀለትም። የወሎ አዝማሪ ማሲንቆውን አንድ ጊዜ ገርፎ የሚለየውን ነገር፣ የሒሳብ ቀመሩ ለአውሮፓ ሙዚቃ በተሰፋ ልብስ ሊያለብሰው ይሞክራል። ይህ የኮምፒውተር አቅም ማነስ አይደለም። ጥያቄውን ያዘጋጀው ሰው አራቱን ቅኝቶች ከምርጫዎቹ ውስጥ አላስገባቸውም፤ ቢያስገባቸው ኖሮ ማሽኑን ለእነርሱም ማሠልጠን በተቻለ ነበር።

የስም አጻጻፍም የራሱ ጣጣ አለው። በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት በታተመው “ኢትዮፒክስ” የሲዲ ስብስብ የጥላሁን ገሠሠ ስም በፈረንሳይኛ ሥርዓት፣ ከነአናባቢ ምልክቶቹ ተጽፏል፤ በሌላ ቦታ ደግሞ በእንግሊዝኛ ልማድ ይጻፋል። አንድ ሰው ሁለቱን እስኪያገናኛቸው ድረስ ለመረጃ ቋቱ ሁለት ጥላሁኖች አሉ፤ አድማጮቹም ለሁለት ይከፈላሉ።

ከሁሉ የሚብሰው ጨርሶ ያልተመዘገበው ሙዚቃ ነው። የዋልያስ ባንዱ የኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከሲንተሳይዘር ጋር አዋሕደው አንድ ካሴት ቀረጹ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ኑሯቸውን የመሩት በታክሲ ሥራ ሲሆን፣ በመኪናቸው በያዙት ኪቦርድ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመዱ ነበር። ካሴቱን ያገኘው የምክር ስሌት አይደለም። አሜሪካዊው ብራየን ሺምኮቪትዝ ባሕር ዳር ላይ አገኙት፤ ባለቤቱን አፈላልገውም በ2013 ዳግም አሳተሙት። ኃይሉ ወደ ዓለም መድረኮች ተመለሱ፤ በ2018ም “ላላ በሉ” የተሰኘውን አዲስ አልበማቸውን አወጡ። ማሽኑ ለእርሳቸው ጎረቤት ሊፈልግላቸው የሚችለው ካሴቱ ከመደርደሪያ ወርዶ፣ ወደ ቁጥር ተቀይሮ፣ አድማጮችም ካገኘ በኋላ ነው።

በካርታዎቹ ለመጠቀም የሚሻ አድማጭ የአንድን ድምፃዊ ስም በተለያየ የላቲን አጻጻፍ ደጋግሞ ቢሞክር ይጠቀማል። በኤቭሪ ኖይዝ ላይ ደግሞ ከስልቱ መጠሪያ ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት መንካት የሙዚቀኞቹን ዝርዝር ይከፍታል፤ ኢትዮ ጃዝን በዚህ መንገድ የከፈተ ሰው ማን እንደገባ ብቻ ሳይሆን ማን እንደቀረም በቀላሉ ይለያል።