ተራ ሳይጠበቅ የሚጀመር ጦርነት

በሰሜን ሸዋው ጣርማ በር ላይ ቆሞ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና የሚያይ የጦር ጌም ወዳጅ ቦታውን በካርታ ዓይን ማየቱ አይቀርም። ከኋላው የደብረ ብርሃን ደጋ ተዘርግቷል፤ ከፊቱ ምድሩ ድንገት ወደ ቆላ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2000 በ«ሾገን» የጀመረው የ«ቶታል ዋር» ጌም እዚህ ቢሠራ ኖሮ፣ ሠራዊቱ እስከ በሩ ድረስ ተራውን እየጠበቀ ይጓዛል። ጠላት ሲገጥመው ግን ተራ ይቀርና ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል።

ቀደም ሲል ሁለቱ አጨዋወቶች በብዛት በየጎራቸው ነበሩ። የ1991ዱ «ሲቪላይዜሽን» ተራ ያስጠብቃል፤ የ1992ቱ «ዱን 2» ተራ የሚባል አያውቅም። ሁለቱን ማጋባት የፈለገ ሁሉ የሚገጥመው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚታለፍበትን ቅጽበት ማን ይወስን?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ፍንጭ የተገኘው ኮምፒውተር ከመታሰቡ በፊት ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ከመኳንንታቸው ጋር ሰንጠረዥ፣ ማለትም የኢትዮጵያን ቼዝ፣ ሲጫወቱ አየ። ያስገረመው ሁካታው ነው። ዙሪያውን የቆመው ሁሉ፣ አገልጋይ ሳይቀር፣ ይመክራል፤ አንዳንዱም እጁን ሰዶ ጠጠሩን ራሱ ያንቀሳቅሳል። (መኳንንቱ ራስ ወልደ ሥላሴ እንዲያሸንፉ በዘዴ ይሸነፉላቸው እንደነበርም ሶልት ልብ ብሏል፤ ይህ እንኳ የጨዋታው ሳይሆን የግቢው ደንብ ነው።)

ከእርሱ በኋላ የመጣው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ስለ ጨዋታው ጻፈ፤ መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1868 ነው። በ1913 የቼዝ ታሪክ ጸሐፊው ሃሮልድ መሪ የተጓዦቹን ወሬ ሰበሰበ። በ1971 ደግሞ የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክኸርስት ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ደንብ ሰፊ ጥናት አወጣ። ቁርጥራጩ ሲገጣጠም ሌላ አገር ቼዝ ላይ የማይገኝ ነገር ብቅ አለ፦ ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ የለም።

ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። ሁለቱ ተጫዋቾች ሰሌዳቸው በሆነው ቀይ ጨርቅ ላይ ያሻቸውን ያህል ጊዜ፣ ባላጋራ ስንት ጊዜ ተንቀሳቀሰ ሳይሉ፣ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያፈርሳል፣ መልሶ ይሠራል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ በተራ ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ይህ የተወለደው ከመሰልቸት ነው። በጥንቱ ሕግ ፈርዝ (የዛሬው ቼዝ ንግሥት) በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ስለምትሄድ፣ ሁለት ጦር እስኪገናኝ ብዙ ተራ ይባክናል። አረቦች ለዚሁ ችግር የታወቁ አሰላለፎችን ያጠኑ ነበር። እዚህ ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይሰለፉ ተባለ። መክፈቻ በቃል አጥንቶ መምጣት በዚያው ከንቱ ሆነ።

ማለፊያውን ቅጽበት የሚወስነው ደግሞ ተጫዋቹ ነው። ቀድሞ የበላ ሰልፉ ሳይሟላ በተራ ሕግ ሊያዝ ይችላል፤ የዘገየም ባላጋራው በተመቸው ሰዓት ይቀድመዋል። «ቶታል ዋር» ማሰብን አስቀድሞ ጥድፊያውን ለውጊያው ሲያቆይ፣ ሰንጠረዥ ጥድፊያውን ለዝግጅት፣ ማሰቡን ለውጊያ ሰጠ። ለእኔ የሰንጠረዡ ይበልጣል። ከዘመናዊዎቹ የሚቀርበው የ1994ቱ «ኤክስ-ኮም» ነው፤ እዚያም በዓለም ካርታ ላይ ሰዓቱ ይሮጣል፣ ወታደሮቹ መሬት ሲረግጡ ተራ ይገባል። ለዚሁ ለሰሜን ሸዋው አንጎላላ ተወላጅ ለዳግማዊ ምኒልክ ግን ይህ ቅይጥ አጨዋወት አልደረሳቸውም፤ በ2020 «ሲቪላይዜሽን 6» ውስጥ ሲገቡ ተራ ጠባቂ ሆኑ።

ፓንክኸርስት እንደሚለው ጨዋታው የጠፋው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። ዛሬ የሰንጠረዥን ወረራ በስልክ ጌም መሥራት የሚፈልግ ወጣት ደንቡን ለመጻፍ ብዙ አይቸገርም። የሚቸገረው አንዱ ተጫዋች ደብረ ሲና፣ ሌላው አዲስ አበባ ሆነው ሁለቱም እኩል «በላሁ» ሲሉ ነው። ኔትወርኩ የዘገየበት ተጫዋች ሳይቀደም ሊሸነፍ ነው። በጨርቁ ላይ ሲሆን ዙሪያውን ከቦ የሚጮኸው ሕዝብ ማን እንደቀደመ ያያል፤ በስልኩ ላይ ይህን ዳኝነት ለሰርቨሩ መስጠት ግድ ነው።