በሰከንድ 267 ጊዜ የሚቆመው ፒስተን

አንድ ሞተር በደቂቃ 8,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ፒስተን በሰከንድ 267 ጊዜ ያህል ይቆማል፤ ግማሹን ላይ፣ ግማሹን ታች። ቆሞም አያርፍም፤ ወዲያው ወደመጣበት ይወረወራል። ይህን በቶዮታው 4ኤ-ጂኢ ሞተር ልክ ብናሰላው፣ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ደርሶ ሲመለስ ፍጥነቱ የሚለወጥበት ጉልበት የመሬት ስበትን 3,600 እጥፍ ያህል ይሆናል። ፒስተኑ ከነፒኑ 400 ግራም ቢመዝን በዚያች ቅጽበት ፒስተኑን የያዘውን ቢየላ የሚጎትተው ሸክም ከ1.4 ቶን ያልፋል። ሞተሩ መጀመሪያ የተገጠመለት ኮሮላ ራሱ ይህን ያህል አይመዝንም።

ፒስተን ለመለወጥ የሚነሳ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለዚህ አይደለም። ጥያቄው «የቱ ጠንካራ ነው?» ነው። ተርቦ ለሌለው፣ ኮምፕሬሽኑ ከፍ እንዲል ለሚፈለግ ሞተር ግን ጥንካሬ ከጥያቄዎቹ አንዱ ብቻ ነው፤ ያውም የመጀመሪያው አይደለም። ተቀጥቅጦ የተሠራ ፒስተን በራሱ አንዲት የፈረስ ጉልበት አይጨምርም። ጉልበቱ የሚመጣው ከኮምፕሬሽኑ፣ ከካም ሻፍቱና ከቴስታታው ነው፤ ፒስተኑ እነዚህ ሦስቱ የሚያመጡትን ጣጣ የሚሸከም ዕቃ ነው።

4ኤ-ጂኢን ለምሳሌ የመረጥኩት ያለምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 በኮሮላ ሌቪንና በስፕሪንተር ትሩዌኖ ላይ ተገጥሞ ወጣ። ቴስታታው ከያማሃ ጋር የተነደፈ፣ በየሲሊንደሩ አራት ቫልቭ ያለው ነው፤ ብሎኩ የብረት ነው። በእኛም አገር መንገድ ላይ ለዓመታት ሲመላለሱ ካየናቸው የኮሮላ ሞተሮች ጋር ቤተ ዘመድ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 81 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 77 ሚሊሜትር፣ አራቱ ሲደመሩ 1,587 ሲሲ። ኮምፕሬሽኑ መጀመሪያ 9.4 ለ 1 ነበር፤ ኋላ የመጣው ባለ 20 ቫልቩ 10.5፣ የመጨረሻው ደግሞ 11 ለ 1 ደርሷል። በሰሜን አሜሪካው የፎርሙላ አትላንቲክ ውድድር ያገለገለው ወንድሙ ያለ ተርቦ ወደ 240 የፈረስ ጉልበት ያወጣ ነበር።

ኮምፕሬሽን የማካፈል ጉዳይ ነው። ፒስተኑ ታች ሳለ በላዩ ያለው ቦታ፣ ላይ ሲደርስ ለሚተርፈው ቦታ ይካፈላል። በዚህ ሞተር አንዱ ሲሊንደር 397 ሲሲ ይጠርጋል፤ 9.4 ለ 1 ሲሆን ላይ የሚተርፈው 47 ሲሲ ገደማ ነው። 12 ለ 1 እንዲሆን ከተፈለገ 36 ሲሲ ብቻ መቅረት አለበት። ልዩነቱ 11 ሲሲ፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ነው። ይህን ሁሉ ገንዘብ የሚያስወጣው ይህች ሁለት ማንኪያ ናት። በመጽሐፍ ስሌት 9.4 ለ 1 ከነዳጁ ሙቀት 59 በመቶውን ወደ ሥራ ሲለውጥ፣ 12 ለ 1 ወደ 63 በመቶ ያደርሰዋል። እውነተኛ ሞተር በሰበቃና በሙቀት ብዙ ስለሚያባክን ከዚህ በእጅጉ ዝቅ ይላል፤ ትርፉ ግን አለ። ከ12 ወደ 13 ሲኬድ የሚገኘው ጭማሪ ከአንድ በመቶ ብዙም አያልፍም፤ አደጋው ግን በዚያው ልክ አይቀንስም።

አደጋው ማንኳኳት ነው። የአየርና የነዳጁ ድብልቅ ከመጠን በላይ ሲታመቅ ይግላል፤ ካንዴላው የለኮሰው እሳት ሳይደርስበት ጥግ ላይ የቀረው በራሱ ይፈነዳል። በፋብሪካ ተቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ፒስተን ለተራ ሥራ መልካም ነው፤ ርካሽ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ዕድሜው ረጅም ነው። ነገር ግን ሲሊከን በብዛት ስላለበት ይደርቃል፣ የማንኳኳት ዱላ ሲደጋገምበትም በሪንጎቹ መካከል ያለው ስስ ክፍል ይሰበራል። የተቀጠቀጠው የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው፦ የአሉሚኒየም ቅይጥ ቁራጭ ይጋልና በከባድ መጫኛ ቅርጽ ውስጥ ይገባል፤ የውስጥ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፣ የብረቱ የውስጥ አወቃቀርም የቅርጹን መስመር ይከተላል። ከዚያ በኋላ በመሣሪያ ይቀረጻል። ይህ ዓይነቱ ሲመታ ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፤ ባለቤቱም ሞተሩን ከፍቶ ለማየት ጊዜ ያገኛል።

የተቀጠቀጡትም ሁሉ አንድ አይደሉም። ገበያው ላይ ሁለት ቅይጦች ይበዛሉ፤ ስማቸው ቁጥር ነው፦ 4032 እና 2618። የመጀመሪያው ወደ 12 በመቶ ሲሊከን አለው፤ ሁለተኛው ከሞላ ጎደል ምንም የለውም፣ በምትኩ መዳብና ማግኒዚየም ይዟል። 2618 ማለት ኮንኮርድ የተባለው ፈጣን አውሮፕላን አካሉ የተሠራበት ቅይጥ ነው፤ ሙቀት አይፈታውም። ሻጭ ይህን ሲነግርህ ልብህ ይነሳል፤ ትንሽ ቆይ። ሲሊከን ስለሌለው ሲሞቅ ብዙ ይሰፋል። 81 ሚሊሜትር የሆነ ፒስተን ሙቀቱ በ150 ዲግሪ ሲጨምር 4032 ከሆነ 0.24 ሚሊሜትር ያህል፣ 2618 ከሆነ 0.27 ያህል ይሰፋል። የብረቱ ብሎክ ደግሞ የዚህን ግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚሰፋው። ስለዚህ ለ2618 ቀድሞውኑ ሰፋ ያለ ክፍተት መተው ግድ ነው፤ አለዚያ ሲሞቅ ሲሊንደሩን ይነክሳል። በአብዛኛው 4032 ከ0.05 እስከ 0.06 ሚሊሜትር ሲበቃው 2618 ከ0.08 እስከ 0.10 ይፈልጋል፤ የመጨረሻው ቃል ግን ከፒስተኑ ጋር የሚመጣው ወረቀት ነው። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ የሚሰማው «ቀጭ ቀጭ» ከዚያ ክፍተት የሚወጣ ነው። የሪንግ ቦዮቹም በፍጥነት ይበላሉ።

የኔ አቋም ይህ ነው፦ ተርቦ ለሌለው፣ ሰው በየቀኑ ለሚነዳው ሞተር 4032 ይበቃል፣ ይሻላልም። በውድድር ሜዳ ለሚውል፣ በየጊዜው ለሚፈታ ሞተር 2618 ይሁን። ብዙ ሰው ግን ውድድር የሚያውቀውን ፒስተን ገዝቶ ሥራ ይሄድበታል፤ በየጠዋቱም እስኪሞቅ ቆሞ ይጠብቀዋል።

«የተቀጠቀጠ» የሚለው ቃል ብቻውን እንደማይበቃ ቶዮታ ራሱ ያስተማረን ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው 4ኤ-ጂዜድኢ፣ ማለትም ሱፐርቻርጀር የተገጠመለት የዚሁ ሞተር ወንድም፣ ከፋብሪካ የተቀጠቀጠ ፒስተን ይዞ ነው የመጣው። ዕቃው ጥሩ ነው፤ አናቱ ግን ጎድጓዳ ነው፤ አየር በኃይል ስለሚገባለት ኮምፕሬሽኑ 8 ለ 1 እንዲሆን ተደርጎ ተሠርቷል። «ጠንካራ ነው» ብሎ ይህን ተርቦ የሌለው ሞተር ውስጥ የሚከት ሰው ገንዘብ ከፍሎ ጉልበት ቀነሰ ማለት ነው።

ወደ ሂሳቡ እንመለስ፤ ብዙ ሰው የሚዘልለው እዚህ ላይ ስለሆነ። ካታሎግ «12 ለ 1» ሲል ቴስታታው ያልተነካ፣ ጋስኬቱ የታወቀ ውፍረት ያለው እንደሆነ ገምቶ ነው። ያንተ ቴስታታ ደግሞ ከዚህ በፊት አንድ ሁለቴ ተልጎ ይሆናል። ስለዚህ ፒስተን ከመታዘዙ በፊት ድብልቁ የሚቃጠልበት የቴስታታው ክፍል ይለካል። ቴስታታው ተገልብጦ ይቀመጣል፣ ቫልቮቹና ካንዴላው በቦታቸው ይገጠማሉ፣ በቫልቮቹ ዙሪያ ቅባት ይቀባል። በላዩ ቀዳዳ ያለው ወፍራም ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ይደፋበታል፤ ከዚያ ቀለም የገባበት ፈሳሽ ልኬት ከተጻፈበት የመስታወት ቱቦ በጠብታ እየተለቀቀ የመጨረሻዋ የአየር አረፋ በቀዳዳው እስክትወጣ ይጠበቃል። ቱቦው ላይ የሚነበበው ቁጥር የክፍሉ መጠን ነው። አራቱም ክፍሎች ይለካሉ፤ እኩል ካልሆኑ ትልቁ ላይ ተመሥርቶ ሌሎቹ ይስተካከላሉ።

አንድ ስሌት እንሥራ። ሲሊንደሩ ወደ 81.5 ሚሊሜትር ሰፍቷል፤ 402 ሲሲ ይጠርጋል፤ ለ12 ለ 1 ከላይ 36.5 ሲሲ ይፈለጋል። የቴስታታው ክፍል 37 ሲሲ ተለካ እንበል። ተጨምቆ 0.8 ሚሊሜትር የሚሆነው ጋስኬት ደግሞ 4.2 ሲሲ፣ ፒስተኑ ከብሎኩ ጠርዝ በ0.2 ሚሊሜትር ዝቅ ማለቱ አንድ ሲሲ ይጨምራል። ድምሩ 42.2። ስለዚህ የፒስተኑ አናት በተጣራ 5.7 ሲሲ መያዝ አለበት። ለቫልቮቹ የሚቆፈሩት ጎድጓዶች 3 ሲሲ ከወሰዱ አናቱ ላይ የሚወጣው ጉብታ 8.7 ሲሲ መሆን አለበት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አናቱ ላይ ትልቅ ጉብታ ያለው ፒስተን ሲያዩት ያስፈራል፣ ያምራል፤ ለእሳቱ ግን ግድግዳ ነው። ከካንዴላው የተነሳው እሳት ጉብታውን ዞሮ ማዶ እስኪደርስ ይዘገያል፤ የሚሞቀውም የብረት ገጽ ይበዛል። ስለዚህ ቴስታታውን ቶርኖ ቤት ወስዶ በጥቂቱ ማስላግና ክፍሉን 35 ሲሲ ማድረስ ከተቻለ፣ ጉብታው በሁለት ሲሲ ይቀንሳል። ቀጭን ጋስኬትም እንዲሁ ይረዳል፤ ፒስተኑ ላይ ሲደርስ ጠርዙ ከቴስታታው ጋር በአንድ ሚሊሜትር ገደማ ከተጠጋ ድብልቁን ወደ መሃል እየገፋ ያናውጠዋል፣ ማንኳኳትንም ይቀንሳል። ጉብታ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን።

ካም ሻፍቱ ሳይታወቅ ኮምፕሬሽን መወሰንም ከንቱ ነው። የማስገቢያው ቫልቭ ፒስተኑ ወደ ላይ መውጣት ከጀመረ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ክፍት ይቆያል፤ እስኪዘጋ ምንም አይታመቅም። በዝግታ ሲዞር ቫልቩ ከታችኛው ጫፍ 60 ዲግሪ አልፎ የሚዘጋ ከሆነ ከ77 ሚሊሜትሩ ጉዞ ለማመቅ የሚቀረው 62 ብቻ ነው፤ በወረቀት 12 ለ 1 የነበረው በተግባር 10 ለ 1 አይሞላም። በ40 ዲግሪ የሚዘጋ የዋህ ካም ይዞ 9.4 ለ 1 የነበረው ደግሞ 8.7 ይሆናል። የውድድር ካም ከዝቅተኛ ኮምፕሬሽን ጋር ሲጋባ ሞተሩ ከታች የሚሞተው፣ ከፍተኛ ኮምፕሬሽን ከየዋህ ካም ጋር ሲጋባ የሚያንኳኳው ለዚህ ነው።

ያው ካም ሻፍት ቫልቮቹን ወደ ፒስተኑ ያስጠጋቸዋል። ይህን የሚፈትኑት በልጆች መጫወቻ ጭቃ ነው። በፒስተኑ ጎድጓዶች ላይ ጭቃው ይለጠፋል፣ ዘይት ይቀባል፣ ቴስታታው ከነጋስኬቱ ይታሰራል፣ ሞተሩ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል። ተፈትቶ ጭቃው በስለት ሲቆረጥ ቫልቩ የተወበት ስስ ንብርብር ይታያል፤ ይለካል። ባለሙያዎች ለማስገቢያው ቢያንስ 2 ሚሊሜትር፣ ለማስወጫው 2.5 ይሻሉ፤ ማስወጫው በጣም ስለሚግል ይረዝማል። ጎድጓዱ ጥልቅ ካልሆነ መቆፈር ይቻላል፤ ከስር ያለው አናት ስንት ሚሊሜትር እንደሚተርፍ ፒስተኑን የሠራውን ድርጅት መጠየቅ ግን አይዘለልም።

የቀረው በፍጥነት ይታለፋል። የፒን ዲያሜትር ይጠየቅ፤ የቀድሞዎቹ 4ኤ-ጂኢዎች 18፣ የኋለኞቹ 20 ሚሊሜትር ነው የሚወስዱት። የባለ 16 ቫልቩ ፒስተን ለባለ 20ው አይሆንም። ፒስተን ሙሉ ክብም አይደለም፤ ወርዱ የሚለካው ወረቀቱ ባዘዘው ከፍታ፣ ከፒኑ በ90 ዲግሪ በሚገኘው ጎኑ ላይ ነው። ክብደት ያለ ጥያቄ የሚታይ ነገር ነው፤ ከ7,000 ወደ 8,000 ዙር ሲኬድ ቢየላው ላይ ያለው ጉተታ ከ30 በመቶ በላይ ይጨምራልና እያንዳንዷ ግራም ትቆጠራለች።

አዲስ አበባ ላይ ለሚሠራ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በ2,350 ሜትር ገደማ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ የሚስበው ስለሚያንስ ኮምፕሬሽን ከፍ ማድረግ ይጠቅመዋል፤ የማንኳኳቱም አደጋ ይቀንሳል፤ 12 ለ 1 እዚህ ያለ ችግር ሊሄድ ይችላል። ነገር ግን ያው መኪና ወደ አዋሽ ሲወርድ፣ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ በ18 በመቶ የበዛ ግፊት ያገኛል፤ አየሩም ይሞቃል። ከተማ ላይ ዝም ያለ ሞተር እዚያ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ይብሳል። ስለዚህ ኮምፕሬሽኑ መወሰን ያለበት መኪናው በሚደርስበት ዝቅተኛ ቦታ፣ እዚያ በሚሸጠው ቤንዚን ነው፤ ወይም ደግሞ ለቆላው የካንዴላውን ብልጭታ የሚያዘገይ ሁለተኛ ማስተካከያ ኮምፒውተሩ ላይ ተጭኖ መሄድ አለበት።